ሳላይ የጨመርኩት ጠብታ

ለምወድህ ወንድሜ፣

ጠብታው ግራ ጆሮው ውስጥ እንደገባ ውሻህ ጭንቅላቱን አዘንብሎ ጠረጴዛው ላይ ተንገዳገደ፤ ነገር የተበላሸው ያኔ ነው። ሰላምታ ሳላስቀድም በዚህ መጀመሬን ይቅር በለኝ። እንደምን ከርመሃል? እኛ ደህና ነን፤ እማዬ ጉልበቷን ተሽሏታል፣ አባባም አጥሩን ቀለም ቀብቷል።

ውሻህ ሁለቱንም ጆሮውን ሲያክ ከርሞ ከሥራቸው ያለው ቆዳ ተልጦ መግል ይዞ ነበር፤ ወደምሠራበት የእንስሳት ክሊኒክ ወሰድኩት። የጆሮው ታምቡር ደህና መሆኑ በመብራት ሳይታይ ጠብታ እንደማይጨመር፣ ታምቡሩ ከተቀደደ ጠብታው እንደሚያደነቁር ተምሬያለሁ። ዋናው ሐኪም ግን «አንቺ ልጅ፣ ወረፋው በር ደርሷል! የጆሮ ቁስል ሁሉ አንድ ነው፤ ሁለቱም ላይ ጨምሪበትና ይሂድ» አለኝ። ጨመርኩ። የጨመረው የኔ እጅ ነው፤ ይህን አልክድህም።

ቆዳው ድኗል፣ ጸጉሩም በቅሏል። አሁን ግን በር ሲንኳኳ እንደተኛ ይቀራል፤ ስጠራውም ካላየኝ አይነሳም። አባባ «አርጅቶ ነው፣ ተይው» ይላል፤ ገና አራት ዓመቱ መሆኑን አንተም ታውቃለህ። ባለፈው ደውለህ «ለውሻዬ ድምፄን አሰሚልኝ» ስትለኝ መስመሩ ተበላሸ ያልኩህ ዋሽቼ ነው።

ትናንት ሐኪሙ የውሻህ የሕክምና ካርድ ላይ «ሲመጣም አይሰማም ነበር» ብሎ ጻፈና «ፈርሚ፣ ለሁለታችንም ይበጃል» አለኝ። ካርዱን ሳልፈርም መለስኩለት።

እማዬና አባባ በናፍቆት ይስሙሃል። ስትመጣ ከበር ላይ አትጥራው፤ ገብተህ ፊቱ ቁምለት። እኔ ግን ከእንግዲህ ሳላይ ጨምሪ፣ ያልሆነውን ፈርሚ የሚለኝን ማንንም አልሰማም።

እህትህ