አባ ዝም ያሉ ዕለት

ሰኞ፣ ጥር 4። ሸ/ሮቢት፣ ጠዋት

ሽንኩርቱን አስረከብኩ። ሱቁን ለእህቴ ሰጠሁ። አባ ደግሞ ጀውሃ ሄጄ ማሳዬን ካላየሁ ብለው አስቸገሩ፤ አድርሼ መለስኳቸው። መንገድ ላይ ነስሩ እንደገና ጀመራቸው። ስንት ወር ሙሉ የቆላው ሙቀት ነው ስንል ከረምን! ኋላ አዲስ አበባ ናሙና ተወስዶ ቁርጡ ታወቀ፦ የአፍንጫ ካንሰር። ወደ ዐይናቸው ተጠግቷል። ሌላ ቦታ ካልደረሰ ቀዶ ሕክምና አለ። ከደረሰ... አልጽፈውም። ይህን የሚለየው ፔት የሚሉት ምርመራ ነው። ነገ ወደ ሕንድ እንበራለን።

ሰፈሩ ዱዓ አድርጎ ሸኘን። የሚያስደርጉት ራሳቸው በሽተኛው! ደብተሬ፣ የእኚህ ሰው ልጅ ነኝ እኮ።

ዓርብ፣ ጥር 8። ሕንድ፣ ሆስፒታል

ፔት ዛሬ። በባዶ ሆድ። ስኳር መሳይ መድኃኒት በደም ሥር ይሰጣል። ካንሰር ስኳር ይሻማል፤ የተሻማበት ቦታ ፎቶው ላይ ያበራል። የሚሠራ ጡንቻም እንደዚያው ነው አሉ። ስለዚህ ማኘክ የለ፣ ማውራት የለ፣ ተጋድሞ መጠበቅ ብቻ። ጫት የለም ስላቸው ሳቁ። ወሬ የለም ስላቸው ግን ፊታቸው ተለወጠ። የእኔን አባት ዝም ሲሉ ማን አይቶ!

ቻሉት። ነርሷ ለሰው አንድ ቃል አልተነፈሱም አለች። ኮራሁ።

ቅዳሜ፣ ጥር 9

ያረቢ። አፍንጫው በርቷል፤ እሱ የታወቀ ነው። ጉሮሯቸውም በርቷል!! ዶ/ሩ ተሰራጭቶ ሊሆን ይችላል አለ። አውርተው ነበር ወይ ብሎ በአስተርጓሚ ጠየቀ። አባ ተቆጡ፤ ወላሂ አላወራሁም አሉ። አጎንብሼ ፎቶውን ደግሜ አየሁት።

ቀና ስል ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ የአላህን ስም ያወሳሉ። ወይ ጉድ! ዚክር ሲያደርጉ ነበር እንዴ አባ? አልኳቸው።

«እንዴታ! ዚክር ወሬ ነው እንዴ?»

እየጮህኩ ለአስተርጓሚው ነገርኩት። ዶ/ሩ መጀመሪያ አልገባውም፤ ከዚያ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ለአባ ጎንበስ አለ። በካሜራ ጉሮሯቸውን አየው፤ ምንም የለም። ለማረጋገጥ ግን ፎቶው ይደገማል።

ሐሙስ፣ ጥር 14። ከሰዓት

ተደገመ። አላህ የልብንም ይሰማል ብለው ከንፈራቸውን ግጥም አድርገው ገቡ። እኔ ከመስታወቱ ማዶ ቆሜ ስጠብቃቸው ዋልኩ። ጢማቸው እንኳ አልተነቃነቀም። እንዲህ ያለ ሰው!

ማታ

ውጤት መጣ። ጉሮሮ ጨለማ። አንገት ጨለማ። አፍንጫው ብቻ ነው የበራው። አልሃምዱሊላህ! አለቀስኩ፣ ሳቅሁ፣ አስተርጓሚውን አቀፍኩት፤ ደነገጠ።

ዶ/ሩ ቀጠለ። ቀዶ ሕክምናው ይቻላል፤ ግራ ዐይናቸውን ግን አተርፋለሁ ብዬ ቃል አልገባም አለ። እንደገና አለቀስኩ። አስተርጓሚው ከልጅዎ ጋር ይማከሩ አላቸው። አባ አዩኝ። እሷ ታልቅስ፣ እኔ ልወስን አሉ። የቀኙ ይበቃኛል፣ ቀኑን ንገሩኝ።

ማክሰኞ ቀዶ ሕክምና ይገባሉ።