«እሺ» ብትባልም ለማትነሣው መስኮትዎ

ጎንደር ከተማ ውስጥ ስሙን የማልጠቅሰው የግል ሕክምና ማዕከል የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ለሆኑት፣ ለተከበሩ ጌታዬ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልሁ፣ እርስዎም ቤተሰብዎም በጠረጴዛዎ ላይ ያሉት ማሽኖችም በሙሉ ጤና እንድትቆዩ እመኛለሁ። እኔ አይከል የምኖር፣ ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል ያላሳለፍሁ እናት ነኝ። እጄ ቀስ ብሎ ስለሚጽፍ ደብዳቤዬ ቢዘገይብዎ አይቀየሙኝ፤ መዘግየትን እርስዎም ያውቁታል።

ወሬው የደረሰኝ ማክሰኞ ማለዳ ነው። ጎረቤቴ አያ ክንዱ ከሽማግሌዎች ጋር ወደ ግቢዬ ሲገቡ አይቼ «ምነው አያ ክንዱ፣ በጤና ነው?» አልኋቸው። ዝም አሉ። በእኛ አገር ሽማግሌ በማለዳ ተሰብስቦ መጥቶ ዝም ካለ፣ ነግሮ ጨርሷል። ጎንደር የምታስተምረው ልጄ ዝናሽ፣ የመጀመሪያ ልጇን እንደፀነሰች ከእርስዎ ማዕከል ውስጥ ሞታ ነበር።

የሆነውን የነገረኝ ያደረሳት ወንድሟ ጌትነት ነው። ሆዷ ውስጥ ደም ይፈስሳል። ሐኪሙ አይቷት ደም ይሰጣትና ቶሎ ቀዶ ጥገና ትግባ ብሏል። ደሙም በማቀዝቀዣችሁ ውስጥ አለ። የቀረው ትእዛዙ በኮምፒውተር መተላለፉ ብቻ ነበር፤ በወረቀት የመጣ ትእዛዝ ደም እንዳያስወጣ እርስዎ በሰርኩላር ከልክለዋልና።

የትነበርሽ የምትባለው የመዝገብ ሠራተኛ የልደት ቀኗን ስትጠይቅ፣ ጌትነት ጳጉሜ ሦስት አላት። እውነቱን ነው፤ ዝናሽን የወለድኋት የሩፋኤል ለት፣ ሰው ሁሉ ጠበል ነው ብሎ ዝናቡን ሲጠመቅ ነው። ፕሮግራምዎ ግን ዓመቱ አሥራ ሁለት ወር ነው ብሎ ያምናል። በማሽኑ ገጽ መካከል አንዲት ትንሽ መስኮት ብቅ አለች፤ ቀኑ ተሳስቷል፣ አስተካክሉ የምትል፣ ከሥሯ «እሺ» የሚል ቁልፍ ብቻ ያላት። «እሺ» ሲሏት ትሄዳለች፣ ወዲያው ትመለሳለች። ማሽኑን አጥፍተው ቢያበሩትም እዚያው ጠበቀቻቸው። ከኋላዋ የሐኪሙ የትእዛዝ ገጽ ይታያል፤ ግን አይነካም።

ጌትነት «እቴ፣ ሌላ ቀን ጻፊና ልቀቂን!» ብሎ ጮኸ። እሷም «የሐሰት መረጃ ያስገባ ይባረራል ይላል፤ ያው ግድግዳው ላይ አንብበው። የሲስተሙ ሰው ይምጣ» አለችው። የሲስተሙ ሰው፣ ማለትም እርስዎ፣ ፒያሳ ስብሰባ ላይ ነበሩ። መጥተው ነሐሴ ሠላሳ ብለው ጻፉ፣ መስኮቷም ተነሣች። ትእዛዙም ሄደ። ልጄ ግን ቀድማ ሄዳለች።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

፩ኛ/ አሥራ ሦስተኛውን ወር ከዘመን በማስወጣትዎ አመሰግናለሁ። ባሕረ ሐሳብ ሲቆጥሩ የኖሩ አባቶች ያልደፈሩትን እርስዎ ደፍረዋል።

፪ኛ/ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር የምታጠናው የጎረቤቴ ልጅ ሶሊያና፣ መስኮት ሁለት ዓይነት መሆኑን አስረድታኛለች። አንደኛው ማስጠንቀቂያውን ተናግሮ ከጎን ይቆማል፤ ሰውም ሥራውን ይቀጥላል። ሁለተኛው፣ ሞዳል የሚሉት፣ መልስ እስኪያገኝ ሌላውን ሁሉ ይዘጋል። ሰው መዝገብ ሊያጠፋ ሲል አቁሞ መጠየቁ ሸጋ ነው አለችኝ፤ እኔም አምኜበታለሁ። የትኛው የት እንደሚቆም ግን ማሽኑ አይመርጥም፣ የሚመርጠው ሰው ነው አለችኝ። ደም ለሚፈስሳት ሴት ሁለተኛውን ስለመረጡላት፣ ለጥንቃቄዎ ምን ቃል ላግኝ?

፫ኛ/ የትነበርሽን አልከስም። አይከል ድረስ መጥታ ከለቅሶው መካከል ተቀምጣ፣ ቀና ብለው ሊያዩኝ ያልቻሉ ዓይኖቿን አይቻለሁ። እርስዎ ባለመምጣትዎም አልተቀየምሁም፤ ሥራ ይበዛብዎታል። ያንን የግድግዳ ማስጠንቀቂያ የፈረመው እጅ ግን የእርስዎ ነው። ሠራተኛ ከሰው ነፍስ ይልቅ እርስዎን እንዲፈራ አድርገው ማሠልጠንዎ ታላቅ ችሎታ ነው።

እግዚአብሔር ዕድሜዎን ያርዝመው፤ ልጆችዎን ይባርክልዎ፤ ታመው ደጅ ላይ ሲደርሱም የሚጠይቃቸው ሁሉ መልሱን የሚቀበል ይሁን።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣ ቸርነትዎን እስከ መቃብር የማልረሳ፣
ሐረገወይን ሙሉሰው፣ የዝናሽ እናት፣ ከአይከል

ማስታወሻ፦ ከቀብሩ በኋላ በመስኮቷ ላይ «ዝለል» የሚል ቁልፍ እንዳስጨመሩ ሰምቻለሁ። ሶሊያናን ስጠይቃት ሻይ እስኪፈላ የሚያልቅ ሥራ ነው አለችኝ። ይህን ያህል ስለደከሙ ነፍስ ይማር ማለቱን ለእርስዎ አልተውም፤ ይህን ግልጽ ደብዳቤ የምታነቡ ወገኖቼን እለምናለሁ። ቤተ ክርስቲያን ስትሳለሙ ልጄን በክርስትና ስሟ ወለተ ማርያም ብላችሁ፣ ስም ሳይወጣለት አብሯት የሄደውንም ሕፃን አስባችሁ፣ ጸልዩልኝ።