አቶ ዋኘው ቢያዝን ከአባታቸው አጠገብ ይቀበራሉ

ኮሶዬ፣ ቅዳሜ ኅዳር 9 ቀን 1965 ዓ.ም.

የኮሶዬና አካባቢው መምህራን መረዳጃ ማኅበር፣ ነባር አባሉና በናይሮቢ የኢትዮጵያ ኤምባሲ አንደኛ ጸሐፊ የነበሩት አቶ ዋኘው ቢያዝን ለእረፍት በመጡበት ታመው ትናንት ማምሻውን ጎንደር ውስጥ በማረፋቸው እጅግ አዝኗል። ሐዘኑን ከቁጣው ለይቶ መግለጽ ግን አልቻለም።

አቶ ዋኘው በ1931 ዓ.ም. ከኮሶዬ ቁልቁል ባለችው የቤተ እስራኤል መንደር ከቀጥቃጩ ከአቶ ቢያዝን ውዱና ከሸክላ ሠሪዋ ከወይዘሮ እናኑ አድማሴ ተወለዱ።

በ1947 ዓ.ም. ወደ እስራኤል ተሰደው ተማሩ። ሥራም ቤትም አግኝተው ሳለ በ1952 ዓ.ም. በገዛ ፈቃዳቸው ተመለሱ።

በ1953 ዓ.ም. እዚሁ መምህር ሆኑ። «ልጄን ቡዳ አያስተምረውም» ብለው ልጆቻቸውን ያስወጡ ወላጆች ነበሩ። አቶ ዋኘው የቀሩትን ጥቂት ተማሪዎች ማስተማራቸውን ቀጠሉ። በዓመቱ ያስወጡትም መልሰው አስገቡ።

በ1956 ዓ.ም. በአስተርጓሚነት ወደ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ገቡ፤ ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮም በኢየሩሳሌም ቆንስላ አገለገሉ። ከቁስቋምና ከአይከል የሄዱ ተሳላሚዎች ሲታመሙ ሐኪም ዘንድ ያደረሷቸው፣ ሲሞቱም የመቃብር ቦታ አስፈቅደው በክርስቲያን ሥርዓት ያስቀበሯቸው እሳቸው ናቸው። ናይሮቢ የተዛወሩት በ1962 ዓ.ም. ነው።

ለሌላው በሰው አገር መቃብር ያስገኙት ሰው አሁን በተወለዱበት መንደር መቃብር ተከልክለዋል።

ኑዛዜያቸው ከአባታቸው አጠገብ እንዲቀበሩ ነው። ዛሬ ቅዳሜ የቤተ እስራኤል ሰንበት ስለ ሆነ መንደሩ አይቆፍርም። መንደሩ ያለበት መሬት ባለርስት ይህን ጠብቀው ማለዳ መልእክት ላኩ፦ «ፈላሻ ምን ርስት አለውና ነው? መሬቴን የቆፈረ ጭሰኛ ጎጆውን ነቅሎ ይሂድ። ከፈለጋችሁ ናይሮቢ መልሳችሁ ቅበሩት።» የሟቹ ዘመዶች በሙሉ የእኚሁ ሰው ጭሰኞች ናቸው። አካፋ ያነሳ ቤቱን ያጣል።

ማኅበሩ ዛሬ ተሰብስቦ ወስኗል። አገራቸውን በባዕድ ምድር የወከሉ ሰው በመንደራቸው የአንድ መቃብር ስፋት ያለው መሬት አይነፈጉም። የማኅበሩ አባላት የማንም ጭሰኞች ስላልሆኑ የሚነቀል ጎጆ የላቸውም። ስለዚህ መቃብሩን የምንቆፍረው እኛ ነን። የመንደሩ ሽማግሌዎች ተስማምተዋል። ግንዘቱና ጸሎቱ የቄሶቻቸው ነው፤ የእኛ ድርሻ ቁፋሮው ብቻ ነው።

አባላት ሁሉ ነገ እሑድ ከጠዋቱ በአንድ ሰዓት ትምህርት ቤቱ ደጅ ይገናኛሉ። ሊከለክል የሚሻ ሰው የምንሄድበትን መንገድ ያውቀዋል።

ለእናታቸው ለወይዘሮ እናኑ፣ ለባለቤታቸው ለወይዘሮ አባይነሽ፣ በናይሮቢና በአዲስ አበባ ላሉ የሥራ ባልደረቦቻቸው ብርታትን እንመኛለን። ወይዘሮ እናኑ በተለይ ይህን ይወቁልን፦ ነገ ከየቤታችን ይዘን የምንመጣቸው ዶማዎች ባለቤትዎ አቶ ቢያዝን በሕይወት ሳሉ የቀጠቀጧቸው ናቸው። የባለርስቱም ማረሻ እንደዚሁ።