በግራህ በኩል

ውዴ አያሌው፣

ከተለየኸኝ አንድ ዓመት ከአራት ወር አለፈ። ደህና ነኝ ብዬ ብጀምርልህ ደስ ባለኝ፤ ግን ለአንተ ዋሽቼ አላውቅም። ዋሾው አንተ ነበርክ። ተናድጄብሃለሁ። መናደድ ብቻም አይደለም፣ በአንተ ቀንቻለሁ። በሞተ ባሏ የምትቀና ሴት አይተህ የማታውቅ ከሆነ፣ ይኸው።

የቤቱን ወሬ ላስቀድም። ከተማችን ጸዳ እንዳየሃት አይደለችም፤ ፊት ለፊታችን በነበረው ባዶ መሬት ላይ ፎቅ ጀምረውበት የጠዋት ፀሐይ ዘግይታ ነው የምትገባልኝ። የተከልከው ጌሾ አጥሩን ዘሎ ጎረቤት ገብቷል። ልብስህን ለሚለብሰው ሰጥቼ ጋቢህን አስቀርቻለሁ። አልጋው ላይ አሁንም የምተኛው በቀኝህ በኩል ነው፤ ልማድ ሆኖብኝ።

ወደ ቅናቴ ልምጣ። በየወሩ በአሥራ ሁለት «የሚካኤል ማኅበር አለብኝ» እያልክ ጋቢህን ደርበህ ወደ ጎንደር ትወጣ ነበር። መጀመሪያ አመንኩህ። ግን ማኅበር ተራ አለው፤ ዛሬ አንዱ ቤት ከተጠጣ በወሩ ሌላው ቤት ይጠጣል። እኔ ጌሾ አድርቄ፣ ብቅል አዘጋጅቼ ስጠብቅ ዓመት መጣ ዓመት ሄደ፤ ጽዋው እኛ ቤት ሳይገባ ቀረ። በዚያ ላይ ስትመለስ ታነክሳለህ፣ ወንበር ላይም በአንድ ጎንህ ትቀመጣለህ። ጋቢህን አሸትቼ የማላውቀው ሽታ አገኘሁበት፤ የመርፌ አልኮል መሆኑን ማን ይንገረኝ? ሴት አለው አልኩ። ጎንደር ላይ ቤት ያላት፣ ወር ቆጥራ የምትቀበለው ሴት። አንድ ቀንማ «ምነው የእኛ ተራ የማይደርስ? ታፍርብኛለህ?» ብዬ ራትህን ሳላቀርብ ጎረቤት ሄጄ አመሸሁ። አንተ ግን ስቀህ «ይደርሳል፣ አትቸኩይ» አልከኝ።

በኅዳር ሐኪሙ «ልቡ ነው» ሲለኝ ትናንት የጀመረህ መስሎኝ ነበር። በሳምንቱ አጣሁህ። ማኅበርተኞችህ ለለቅሶ ይመጣሉ ብዬ ብጠብቅ አንድም ሰው «የአያሌው ማኅበርተኛ ነኝ» ያለ የለም። ሴትዮዋንም ከሐዘንተኞቹ መካከል በዓይኔ ስፈልግ ነበር። እንዲህ ነበርኩ።

ሙት ዓመትህን ባወጣን በሳምንቱ ሰላማዊት መጣች፤ ያስተማርካት፣ ዛሬ በአንተ ቦታ ባዮሎጂ የምታስተምረው። «እትዬ፣ የቲቸርን የልብ ማዳመጫ ለተማሪዎቹ ፈልጌ ነበር» አለችኝ። የምን ማዳመጫ ብላት ደነገጠች፤ ከዚያ አንድ በአንድ ነገረችኝ። የደም ዝውውርን በምታስተምርበት ሰሞን ተማሪዎችህን በየተራ እያስጠጋህ የደረትህን ግራ ታሰማቸው ነበር። በልጅነትህ ጉሮሮህን ሲያምህ እንጥል ነው ብለው እንደቆረጡህ፣ ሕመሙ ግን ሳይታከም ቀርቶ ልብህን እንደጎዳው፣ ከልብህ በሮች አንዱ ገጥሞ እንደማይዘጋ አጫውተሃቸዋል። «ጉሮሯችሁን ሲያማችሁ ሐኪም ቤት እንጂ ቆራጭ ዘንድ እንዳትሄዱ» ብለሃቸዋል። «መጀመሪያ የሰማነው የእኛ ክፍል ልጆች ነን፤ ከእኛ በፊት ለማንም አላሰሙም» አለችኝ፣ በኩራት።

ምን እንደተሰማኝ ልንገርህ? ያቺ ጎንደር ያለች የመሰለችኝ ሴት ብትኖር በተሻለኝ ነበር። አንዲት ሴት እችላለሁ። ስንት ክፍል ተማሪ ልቻል? ሃያ ዓመት አብሬህ ተኝቼ የልብህን ድምፅ የማላውቀው እኔ ብቻ ሆንኩ። «ግራ ትከሻዬን ያመኛል» እያልክ ሁልጊዜ በቀኝህ ያስተኛኸኝ ለካ ለዚህ ኖሯል። ላይህ ሸጋ፣ ውስጡን ለቄስ። ለቄስማ በሆነ! ውስጡን ለዘጠነኛ ክፍል!

ማዳመጫ የሚባል ነገር እዚህ ቤት የለም ብዬ ሸኘኋት። እንደወጣች የመጽሐፍ ሳጥንህን ገለበጥኩት፤ ከሥሩ አገኘሁት። አብሮት አንድ ካርድ አለ፤ የፔኒሲሊን መርፌ የተወጋህበት ቀን ወር በወር ተጽፎበታል። አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሁለት። ማኅበርህ ይህ ነበር። በአንድ ጎንህ መቀመጥህም ለዚህ ነበር። አለቀስኩ። አልቅሼም ቅናቴ አልለቀቀኝም፤ መርፌ የምትወጋህ ነርስ እንኳ ታውቅ ነበር እያልኩ ተቃጠልኩ።

ሰላማዊት ተመልሳ መጣች። ማዳመጫውን ሳትጠይቅ «ነገ ትምህርቱን ሜዳ ላይ እናሳያለን፤ ይምጡና ይዩ» ብላ ሄደች። ሄድኩ። ለመማር እንዳይመስልህ፤ ያንተን ነገር ምን እያደረጉት እንደሆነ ልሰልል ነው። ማዳመጫውንም ቤት ትቼው እንዳይጠፋ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤዋለሁ።

ሜዳው ላይ በኖራ አራት ክፍል ያለው ትልቅ ልብ ተሥሏል። ደሙ ተማሪዎቹ ናቸው። ሰማያዊ ወረቀት ይዘው በቀኝ በኩል ይገቡና ከላይኛው ክፍል ወደ ታችኛው፣ ከዚያም ወደ ሳንባ ይሄዳሉ። ሳንባው ባሕር ዛፉ ሥር ነው፤ እዚያ ሰማያዊውን ጥለው ቀይ ይይዛሉ። በግራ በኩል ተመልሰው ይገቡና በትልቁ ደም ቅዳ ወደ መላው ሰውነት ይወጣሉ። መንገዱ እየተከፋፈለ፣ እየጠበበ ሄዶ በመጨረሻ አንድ ልጅ ብቻ ያሳልፋል። እዚያ የሰውነት ሕዋስ ሆነው ለተቀመጡት ልጆች ቀዩን ሰጥተው፣ ሰማያዊ ተቀብለው በደም መልስ ወደ ልብ ይመለሳሉ። የወጣው ሁሉ ይመለሳል። ይህን ሳይ ብሽቅ አልኩ፤ ወጥተህ የቀረኸው አንተ ብቻ ነህ።

ከዚያ ሰላማዊት «ይህ ደግሞ የቲቸር ልብ ነው» አለችና በግራ ባሉት ሁለት ክፍሎች መካከል በር ሆነው የቆሙትን ልጆች እጃቸውን አላላቻቸው። ልቡ ሲጨመቅ ወደ ፊት መውጣት የነበረባቸው ልጆች ከፊሎቹ በላላው በር ወደ ኋላ ተመለሱ። ከሳንባ የሚመጡት መግቢያ አጥተው እስከ ባሕር ዛፉ ድረስ ተጨናነቁ። «አቀበት ላይ ትንፋሽ የሚያጥራቸው ለዚህ ነበር» አለች። «ለባለቤቴ እንዳትነግሩብኝ፤ ከሰማች እናቷን መጠየቅ ትተዋለች ይሉን ነበር።»

መካነ ብርሃን፣ እናቴ ቤት፣ በየዓመቱ ለጥምቀት ከማኪና ወርደን ያን አቀበት ስንወጣ አሥሬ እየቆምክ «ቆይ እስቲ፣ ይህን ገደል እይው» ትለኝ ነበር። ገደል መመልከት የምትወድ ነበር የመሰለኝ። እናቴ «አማችየ ምነው ገደል አይቶ እንደማያውቅ ይፈዛል?» ስትል አብሬያት ስቄብሃለሁ። ይቅር በለኝ።

ድምፁ እንዴት ነበር ብዬ ሰላማዊትን ጠየቅኳት። ጣቷን መዳፌ ላይ መታ አድርጋ «ዱብ ሲል አብሮ ሽሽሽ ይላል» አለችኝ። ያኔ ነው ያስታወስኩት። በተጋባን ዓመት ወደ እናቴ ስንሄድ፣ ከደባርቅ ወዲያ ማኪናው ጎማ ሊቀየርለት ቆሞ ነበር። መስኮቱ ዳር፣ በግራህ ተቀምጬ ደረትህ ላይ አንቀላፋሁ። ሽሽሽ የሚል ሰምቼ ምንድን ነው ብልህ «ነፋስ ነው፤ መስኮቱ አልገጠመም» አልከኝ። መስኮቱን ገፋሁት፤ ዝግ ነበር። መልሼ ስተኛም ሽሽሽ አለ። ነፋሱ በረታ ብዬ ተሸፋፍኜ ተጠጋሁህ።

ሰላማዊት ያኔ ገና ፊደል ትቆጥር ነበር። የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ፣ አያሌው! ይህንኑ ነገርኳት፤ ተማሪዎቹ ሁሉ እየሰሙ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። ከዚያ ማዳመጫውን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋት።

ካርድህን ግን ለማንም አልሰጥም። ባለፈው አሥራ ሁለት ጠላ ጠምቄ ዳቦ ቆረስኩ፤ ተራችን ደረሰ። ጠጪዎቹ እኔና ሰላማዊት ብቻ ነበርን። በየወሩም አላስታጉልም። ተማሪዎችህ የሚያስታውሱህ እስከ ፈተናው ነው፤ እኔ ደሜ መዞሩን እስኪያቆም አስታውስሃለሁ። ለንስሐ አባቴም ተናግሬ ጨርሻለሁ፤ ቀኔ ሲደርስ በግራህ በኩል ያኖሩኛል። ትከሻዬን ያመኛል ብትል አልሰማህም።

ሚስትህ ጥሩነሽ