በወረቀትዎ ላይ ባዶ ስለተባለው ቦታ

ለተከበሩ ጓድ ሣህሌ፣ የመንደር ፕላን ሥልጠና ኃላፊ፣
አሰላ

ጤናዎ የተሟላ፣ እርሳስዎም ምንጊዜም የሾለ እንዲሆን እየተመኘሁ ሰላምታዬን በአክብሮት አቀርባለሁ።

ጥር ፲፮ ቀን ፲፱፻፸፰ ዓ.ም. ውርጩ ገና ከሣሩ ሳይለቅ፣ ከዲክሲስ በላይ ወዳለው ቀበሌያችን ተማሪዎችዎን ይዘው ሲመጡ፣ የገበሬ ማኅበራችን ሊቀ መንበር አቶ ቱሳ፣ ጎረቤቴ ዙቤዳና እኔ ተገኝተን ነበር።

፩ኛ. ስለ ትምህርቱ አመሰግናለሁ። ብርሃን በሚያሳልፍ ስስ ወረቀት ዳገቱን ለብቻ፣ ውሃውን ለብቻ፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ መስጊዱንና መቃብሩን ለብቻ ሥለው፣ ሁሉንም ደራርበው ወደ ፀሐይ ሲያነሡት፣ አገራችን ይህን ያህል ቀላል መሆኗን ገና ያን ጊዜ ተረዳሁ። በየትኛውም ወረቀት ምንም ያልተሣለበትን ቦታ ባዶ ነው ብለው አስተማሩ፤ ከየቤታችን ተነሥተን የምንሰባሰብበት የአዲሱ መንደር የጋራ መጸዳጃም እዚያው እንዲቆፈር ችካል አስተከሉ።

፪ኛ. ስለ ትሕትናዎም አመሰግናለሁ። ያ ቦታ ከኮሶው ዛፍ ሥር ነው። ሰማንያ ቀኗ ሳይደርስ፣ ክርስትና ሳትነሣ የሞተችብኝ ልጄ እዚያ ናት። ስላልተጠመቀች የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አልተቀበላትም፤ በመቃብሩ ወረቀት ላይ የሌለችውም ለዚህ ነው። ዙቤዳ፣ «ልጅ አለችበት እኮ! በእነዚህ እጆቼ ነው አፈር ያለበስኳት» አለችዎ። እርስዎም ሳይቆጡ፣ «እናቴ፣ መቃብር ቢሆን እዚህ ላይ ይታይ ነበር» አሏት። «ወረቀቱ መቼ ለቅሶ መጣና!» አለች። ተማሪዎችዎ ሳቁ፤ አቶ ቱሳ መሬት መሬት አዩ።

፫ኛ. ችካሉን ጥቂት ፈቀቅ ያድርጉልኝ ብዬ ስለምንዎ፣ ፕላኑ በቀለም ካለቀ በኋላ እንደማይነካ ስላስረዱኝ ውለታዎ አለብኝ። ልጄም እንዲሁ ካለቀች በኋላ አልተነካችም ነበር።

በባዶ ቦታ ላይ ወልጄ፣ በባዶ ቦታ ላይ ያለቀስኩ፣
አክባሪዎ ተናኘወርቅ ገብረ መድህን

ማሳሰቢያ፦ ችካሉ በተተከለ ማግሥት ጠዋት ላሜን አለብኩ። ከዙቤዳ ጋር ዶማና ቁና ይዘን ወደ ኮሶው ሄድን። ችካልዎን አልነቀልኩም። ከአጠገቡ ቆፈርኩ፤ ከአፈር በቀር ያገኘሁት የለም። አፈሩን በቁናው ሞልቼ፣ በነጠላዬ ሸፍኜ፣ ለአዲሱ ቤቴ ወደተለካው ቦታ ወሰድኩት፤ በሩ ይሆናል ካሉኝ አጠገብ ቀበርኩት። ጉድጓዱን መልሼ ደፈንኩ። እጄን ታጠብኩ። አሁን ያስተማሩት እውነት ሆኗል፤ ቦታው ባዶ ነው።