ጭልፊቷ በፓስፖርት ልክ

ውድ ወንድም ጋሼ፣

ደህንነትህን አልጠይቅም። ከምትለጥፋቸው ፎቶዎች አውቀዋለሁ፤ ባለፈው ሳምንት እንኳ ገደል አፋፍ ላይ በሆድህ ተኝተህ ንስር ስትጠብቅ አይቼሃለሁ። ለወፍ ያለህ ትዕግሥት መቼም ለጉድ ነው።

የምጽፍልህም ስለ ወፍ ነው። እማዬ አልጋ ላይ ስትውል በጓሮ በኩል ካለው መስኮት ሥር አስጠግቼላት ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ፎቶ ቤቱን ልከፍት ስወጣ ጠራችኝ።

«ያቺ ወንድምሽ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚፈልጋት ጭልፊት ልብስ የምናሰጣበት ምሰሶ ላይ አርፋለች።»

«አሞራ ይሆናል፣ እማዬ።»

«ወገቤ ነው እንጂ ዓይኔ መች ታመመ! ደረቷ ዝንጉርጉር ነው። ፎቶ አንሺና ላኪለት። እሷን ካየ ይመጣል።»

እሷን ካየ ይመጣል። ገባህ? ሁለቴ ደውዬ «ታማለች» ስልህ «ሥራዬን ልጨርስና» ያልከውን አጠገቤ ሆና ሰምታዋለች። የወለደችህ እናት ልጇን ለማስመጣት የወፍ ማባበያ ስትፈልግ ሳይ አንጀቴ አረረ። «እሺ» አልኳትና ካሜራውን ሳልነካ ወጣሁ።

ማታ ስገባ «ላክሽለት?» አለችኝ።

«ልኬለታለሁ።»

«ምን አለ?»

«መጣሁ ብሏል።»

ለምን እንዲህ እንዳልኳት እስካሁን አላውቅም። ደስ እንዲላት ይሆናል፤ ካንተ ጋር እልህ ተጋብቼም ይሆናል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን መስኮቱን ተወችው። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ በሩን ስታይ ነበር።

አንተ እማዬ በተቀበረች በሦስተኛው ቀን ካሜራህን አንገትህ ላይ አንጠልጥለህ ደረስክ። «በመጨረሻ ምን አለች?» ብለህ ስትጠይቀኝ «ምንም» አልኩህ። ዋሽቼሃለሁ። ስትጠብቅህ ነበር፤ ያስጠበቅኳት ደግሞ እኔ ነኝ። አንተ በመቅረትህ እኔ በምላሴ፣ ተባብረን አታለልናት።

ባለፈው ማክሰኞ የታጠበ አንሶላ ላሰጣ ወደ ጓሮ ስወጣ ጭልፊቷ ምሰሶው ላይ ቁጭ ብላለች። የፎቶ ቤቱን ካሜራ ይዤ ተመለስኩ። አንተ ብትሆን ክንፏን እስክትዘረጋ ትጠብቅ ነበር። እኔ ፊቷን ወደ እኔ እስክታዞር ጠበቅኩ። «ቀና በይ፣ አትንቀሳቀሺ» ስላት ራሴን ሰማሁት፤ የሃያ ዓመት ልማድ። ኮምፒውተሩ ላይም እጄ እንደለመደው ከደረቷ በታች ቆረጠው፤ ምሰሶውን፣ ገመዱን፣ የእማዬን መስኮት አጥፍቶ ኋላዋን ነጭ አደረገው። ሳላስበው አራት ፍሬ አትሜያለሁ። ፓስፖርት እያልክ ትቀልድብኝ የለ? ይኸው፣ ለጭልፊትም ጉርድ ፎቶ አነሳሁላት።

ደረቷ ዝንጉርጉር ነው። እማዬ አልተሳሳተችም።

አንዱን ፎቶ እዚህ ፖስታ ውስጥ አድርጌልሃለሁ። አሁን ትመጣለህ። የሚያንገበግበኝም እሱ ነው፤ ያለጥርጥር ትመጣለህ።

አልጋዋን ከቦታው አላነሳሁትም። እዚያ ላይ ጋደም ብለህ ጭልፊትህን ጠብቅ። መስኮቱን ማየት ሲሰለችህ ፊትህን ወደዚህ አዙር፤ በሩ ይታይሃል።

እህትህ
ፓስፖርት