የመጨረሻው ፉርጎ አግዳሚ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ጉልበትሽስ ደረጃውን መውጣት ጀመረ ወይስ ዛሬም ግድግዳ ይዘሽ ነው? የአባዬ ሳል ለቀቀው? እህቴና ልጆቿስ? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ። በስልክ «ድምፅህ ልክ አይደለም፣ ይቅርብህ ያ ሥራ» ብለሽ ስለተቆጣሽኝ ነው ሁሉንም የምጽፍልሽ።

የምሠራባት ባቡር ፉርጎዎቿ ከወገቤ አይበልጡም። ጎብኚዎች ጉልበታቸውን አጥፈው ይቀመጡና መናፈሻውን ታዞራቸዋለች። ገቢው በሙሉ ለሕፃናት ሆስፒታል ነው። የሠሯት ጋሼ በያጅ ናቸው፤ በስማቸው የሚጠራቸው የለም። አንዲት ልጃቸው ታማ መራመድ ሲያቅታት፣ ከቁርጥራጭ ብረት ሐዲዱን ትንሽ ትንሽ እየቀጠሉ ሠሩላት። ዙሩ ሳይገጥም ልጅቷ ሞተች። እሳቸው ግን ገጠሙትና ለታመሙ ልጆች ይሁን ብለው ለሕዝብ ከፈቱት።

እዚህ አንድ ደንብ አለ። የመጨረሻው ፉርጎ የኋላ አግዳሚ ላይ ማንም አይቀመጥም። በሩን ዘግተን ሁለቴ እናንኳኳለን፣ ከዚያ ጋሼ ፊሽካ ይነፋሉ። እኔ ተሳላቂው ልጅሽ «አየር በነፃ እናንሸራሽራለን» እያልኩ እቀልድ ነበር።

አንድ እሑድ ሰው እንደ ጉድ ፈላ። ቦታ ያጣች አንዲት ሴትዮ እዚያ አስቀመጥኩ። ዙሩ ሲያልቅ «ጭኔ ላይ የተቀመጠችው ልጅ የማን ናት? እጇ በረዶ ሆኗል፤ አንድ ነገር ደርቡላት እንጂ» አለችኝ። አጠገቧ ማንም አልነበረም። ጠራራ ፀሐይ ነበር እማዬ፣ እኔ ግን ብርድ ብርድ አለኝ።

ያባርሩኛል ብዬ ለጋሼ ነገርኳቸው። ሞተሩን አጠፉና «ስቃለች?» ብቻ አሉኝ። ለካ የሚተካቸው ሾፌር ስለሌለ ይህን ሁሉ ዘመን ፊት እየነዱ፣ አንድ ቀን እንኳ ኋላ ተቀምጠው አያውቁም። ልባቸውም ደክሟል። «አንድ ዙር ብቻ አብሬያት ልቀመጥ፤ መንዳት ተማርልኝ» አሉኝ። ፈራሁ፤ ግን አንጀቴን በሉት።

ተማርኩ። ባለፈው ሳምንት ጎብኚው ሲበተን፣ ብርድ ልብስ ይዘው ኋላ ተቀመጡ። በሩን ዘግቼ አንኳኳሁና ነዳሁ። ከዛፎቹ ሥር ስናልፍ ሲያወሩ ይሰማኛል፤ ይጠይቃሉ፣ ዝም ይላሉ፣ ደግሞ ይስቃሉ። ስንደርስ ዞር ብዬ ባይ፣ ራሳቸውን ወደ ጎን ዘንበል አድርገው አርፈዋል። ብርድ ልብሱ እሳቸው ላይ አልነበረም። ከጎናቸው ባዶው ቦታ ላይ፣ ሰው እንደለበሰው ሁሉ ከፍ ብሎ ነበር። እጄን ሳሳርፍበት ቀስ ብሎ ወረደ።

እውነትሽን ነው እማዬ፣ እፈራለሁ። ግን ከእኔ ሌላ የሚነዳት የለም፤ ከቆመች ሆስፒታሉም ይጎዳል፣ እነሱንስ ማን ያዞራቸዋል? ዛሬም በሩን ዘግቼ ሁለቴ አንኳኳለሁ። አሁን ከውስጥ ይመልሱልኛል።

የአባዬን ጉልበት ሳሚልኝ። እህቴንና ልጆቿን አገላብጠሽ ሳሚልኝ። አጎቴ «ባቡር ነጂ ሆነ» እያለ ሰፈሩን እንዳያስወራ፣ ከወገብ በታች ናት በዪው። ከኋላ ያሉትም ሰላም ብለውሻል።

ልጅሽ
ከመናፈሻው የባቡር ማቆሚያ
ኅዳር ፲፬ ቀን